ከዶባ እስከ ቦሩ ሜዳ፦ ጥምቀትና ድኅነት በራያ ቆላ

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወርድ መንገደኛ አላ ውሃን ተሻግሮ ጥቂት እንደተጓዘ ጎብዬን ያገኛል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ተዘርግቷል፣ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደል ቆሟል፤ በመካከል ያለው የማሽላና የጤፍ ሜዳ ነው። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ግድም ይህ አገር አንጎት የሚባለው ጥንታዊ ግዛት ቆላማ ዳርቻ ነበር። ደጋው ለክርስቲያኑ ንጉሥ ይገብራል፤ ቆላው ግን ለማንም በቀላሉ አንገቱን አይደፋም። «ሳይጠመቅ የሞተ ሰው ይድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሌላ ስፍራ የጉባኤ ቤት ክርክር ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚህ ሜዳና በዙሪያው ግን ከብትና ርስት፣ ሹመትና ስደት ሲከተሉት ኖረዋል።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አያሻማም። ጌታ ለኒቆዲሞስ ከውሃና ከመንፈስ ስለመወለድ የነገረው ቃል መሠረቷ ነው፤ ምእመኑም በጸሎተ ሃይማኖት ኃጢአትን በምታስተሰርይ በአንዲት ጥምቀት ማመኑን ይመሰክራል። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ይህም አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ የመጣ ነው። ሥርዓቱ ግን ያለ ጥያቄ አልቀረም። ከውሃ ያልተወለደ መንግሥተ ሰማያት የማይገባ ከሆነ፣ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን የሞተው ጨቅላ ምን ይሆናል? ንጉሥ በጦር ተከትሎ ያጠመቀው ጎልማሳስ በእርግጥ ተጠመቀ ይባላል?

ሁለተኛው ጥያቄ ለአካባቢው ቀድሞ ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1468 እስከ 1478 የነገሡት አፄ በእደ ማርያም በአንጎትና በትግራይ ቆላ ይኖሩ በነበሩት ዶባዎች ላይ ዘመቱ። ዶባዎች መንገደኛ የሚያስጨንቁ፣ ከብት የሚነዱ፣ ለዘመቻ የማይመቹ ሕዝብ ነበሩ። በመጨረሻ ድል ሲሆኑ ክርስቲያን እንሁን ብለው ገቡ፤ ንጉሡም ከብታቸውን መለሱላቸው፣ በአገራቸውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ ይላል ዜና መዋዕሉ። የንጉሥ ጸሐፊ ይህን የድል ፍሬ አድርጎ መጻፉ አይገርምም። ያም ሆኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ በዚያው መንገድ ያለፈ አንድ የውጭ አገር ቄስ የሰማው የተለየ ነበር፤ ዶባዎች ዛሬም እየተዋጉ ነው፣ ጎረምሳውም አሥራ ሁለት ክርስቲያን ሳይገድል ሚስት አያገባም ተባለ። አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር የጠላት ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ጠላትነቱ ግን ወሬ አልነበረም። ከብቱን ለማስመለስ ሲባል የተገባበት ጥምቀት ወደ ልጅ ልጅ አልተሻገረም።

ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኛ ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋር ምጽዋ ላይ ወርዶ ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲጓዝ አንጎትን አቋርጧል፤ ጨውና ብረት እንደ ገንዘብ የሚያገለግሉበትን ገበያዋንም ጽፏል። በኢትዮጵያ ስድስት ዓመት ቆየ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ቦታ አጭር ነው። ሕፃናት የሚጠመቁት ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በስድሳ ቀን ነው ይላል (የእኛ ሥርዓት ሰማንያ ነውና እዚህ ላይ ተሳስቷል)። ከዚያ በፊት የሞቱት ሳይጠመቁ ይሄዳሉ። አልቫሬዝ ይህን ሊቀበል አልቻለም። በየደረሰበት ትልቅ ስሕተት ነው፣ ከወንጌልም ጋር ይጋጫል እያለ ይወቅሳቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ሕፃኑን የእናቱ እምነትና ነፍሰ ጡር ሳለች የተቀበለችው ቅዱስ ቁርባን ይበቃዋል ብለው በተደጋጋሚ መለሱለት።

ይህን መልስ የሰጡት ሰዎች ስም አልተመዘገበም። ጳጳስ አይደሉም፤ አልቫሬዝ በየመንገዱ ያነጋገራቸው ካህናትና ምእመናን መሆን አለባቸው። መልሱ ግን ትልቅ ሥነ መለኮት ይዟል። እናቲቱ ሥጋ ወደሙ ስትቀበል በማኅፀኗ ያለውም አብሮ ተቀብሏል ማለታቸው ነው። በዚያው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ሳይጠመቁ ለሚሞቱ ሕፃናት ከገሃነም ዳር የተለየ ስፍራ ሲመድቡ፣ የሐበሻው ገበሬ ልጁን ከእናቱ ሳይለይ ጌታ ፊት አቆመው። እኔ ከሁለቱ የገበሬው ይበልጥብኛል። የአውሮፓው ጨቅላውን ለብቻው የሚያቆም ስሌት ነው፤ የሐበሻው እናትና ልጅን አንድ ላይ ያያል።

በጥር 1521 ደግሞ አልቫሬዝ የንጉሡን ጥምቀት አየ። ትልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በሳንቃ ተለብጧል፤ በሰም የተነከረ የጥጥ ጨርቅ ተነጥፎበታል፤ ውሃው በቦይ እየወረደ በጨርቅ እየተጣራ ይገባል። ሌሊቱን ሲጸለይበት አደረ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር። የንጉሡ መምህር የሆኑ ሽማግሌ ካህን እስከ ትከሻቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ በቁር ሊሞቱ ደርሰው፣ የሚወርደውን ሕዝብ አንድ በአንድ ያጠልቃሉ። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱና አቡነ ማርቆስ ሌላው ሰው ሳይመጣ ቀድመው ገብተው ወጥተዋል። ልብነ ድንግል ከመጋረጃ ማማቸው ሆነው እያዩ የፈረንጁን ቄስ ምን ይመስልሃል አሉት። እሱም ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም አለ። ንጉሡ ክደው ሰልመው የነበሩና የተመለሱ ሰዎችስ ምን ይደረግላቸው ብለው ጠየቁ። አልቫሬዝ ንስሐ የገባ ይፈታ፣ ያልተጸጸተ ግን በፈረንጅ አገር እንደሚደረገው ይቃጠል አለ። ንጉሡ ይህን ሥርዓት አያታቸው በሊቃውንት ምክር ያቆሙት ይህን ያህል ነፍስ እንዳይጠፋ ብለው መሆኑን መለሱለት።

የዓመቱን ጥምቀት ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ የምታስተምረው የጌታን በዮርዳኖስ መጠመቅ መታሰቢያ አድርጋ ነው፤ ዳግም ጥምቀት አይደለም። ጎብዬ ላይም ጥር 11 ቀን በሚረጨው ጠበል አዲስ ክርስቲያን የሚሆን የለም። በ1521 ግን ንጉሡ ራሳቸው ነገሩን ከከዳተኞች መመለስ ጋር አያይዘው መናገራቸው ልብ ይባላል። ጥያቄው ብዙም ሳይቆይ በሕይወትና በሞት መካከል ቆመ።

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ሕዝቡ ግራኝ የሚለው፣ በ1530ዎቹ መጀመሪያ አንጎትን ጨምሮ የሰሜኑን ደጋ ያዘ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው፣ ካህናት ሳይቀሩ፣ ነፍሱን ለማትረፍ ሰለመ። እ.ኤ.አ. በ1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ሲወድቅ አፄ ገላውዴዎስ ያገኙት ሕዝብ ማተቡን በጥሶ የነበረና አሁን መልሱኝ የሚል ነበር። ይህን ሁሉ እንደገና ማጥመቅ አንዲት ጥምቀት የሚለውን ቃል ማፍረስ ይሆናል። ዝም ብሎ መቀበል ደግሞ ማተባቸውን ሳይበጥሱ አንገታቸውን ለሰይፍ የሰጡትን ሰማዕታት ማቅለል ነው። መፍትሔው መጽሐፈ ቄደር ሆነ። ካህኑ በውሃ ላይ ጸልዮ ተመላሹን ያነጻዋል፤ የመጀመሪያው ጥምቀት ግን በክህደት አልጠፋም ተብሎ ይቆያል። በሌላ አነጋገር ጥምቀት ሰውን የእግዚአብሔር ልጅ ያደርገዋል፤ ልጁ ከቤት ጠፍቶ ቢመለስ ይታጠባል እንጂ ዳግም አይወለድም። በዚያው ዘመን ለኢማሙ አንቀጸ አሚን የተባለውን የክርክር መጽሐፍ የጻፈው እጨጌ ዕንባቆም ራሱ ከየመን የመጣ፣ በእስልምና ያደገና መርምሮ የተጠመቀ ሰው ነበር። ከግራኝ ጦርነት ታሪክ ውስጥ በክርክር እንጂ በሰይፍ ያልተገኘ ጥምቀት ብርቅ ስለሆነ አንሥቼዋለሁ።

ከዚያ የመጡት ኢየሱሳውያን ቄደርን አላዩትም ወይም አልወደዱትም። አፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት ከተቀበሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1625 የገቡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ የኢትዮጵያውያን ጥምቀት መጽናቱን ተጠራጠሩ። በመሆኑም «ካልተጠመቅህ» የሚል ሁኔታ ተጨምሮ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናቱም ዳግመኛ እንዲሾሙ አዘዙ። ሜንዴስ በካቶሊክ ሕግ ተጠንቅቄአለሁ ብለው ይሆናል። የላስታ ገበሬ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ አባትህ፣ አያትህ፣ ቅድመ አያትህ ሳይጠመቁ ሞተዋል ማለት ነው። በመቃብር ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ የሚኮንን አዋጅ ነበር። ከጎብዬ ሜዳ ወደ ምዕራብ በሚታየው ደጋ መልክአ ክርስቶስ የተባለው የላስታ መኮንን ሸፈተና ዓመፁ ሊበርድ አልቻለም። በ1632 ሱስንዮስ ድል ቢያደርጉም የሞተው የራሳቸው ሕዝብ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ ቀድሞው እምነት የሚመልሰውን አዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

በመካከሉ ኦሮሞዎች በራያ ሰፍረው አገሩን የራሳቸው አደረጉ፤ እስልምናም በሜዳው እየሰፋ ሄደ። የጁ ደግሞ ከጎብዬ በስተደቡብ፣ ወልድያን ይዞ፣ ሌላ ዓይነት ተጠማቂ አፈራ። የወረሼህ ቤት ሰዎች መነሻቸው እስላም ነበር፤ ጎንደር ላይ ግን ከእስላም እጅ ሹመት የሚቀበል ቤተ ክህነት ስለሌለ ክርስትና ተነሡ። ከታላቁ አሊ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1784 እስከ 1853 ድረስ፣ ንጉሥ እያስቀመጡ ንጉሥ የሚያወርዱ ሆኑ። የዳግማዊ አሊ እናት እቴጌ መነንም እንዲሁ ክርስትና የተነሡ ናቸው። የሰሜን መኳንንት ጥምቀታቸውን እንደ ልብስ ቆጠሩት፤ በተጣሉዋቸው ቁጥር «እስላም» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። የየጁዎች ልብ ምን እንደነበር ማንም ሊመረምር አይችልም፤ ውሃው ግን የጎንደርን በር ከፍቶላቸዋል፤ ይህም ለብዙዎች በቂ ምክንያት ነበር።

ለወሎና ለራያ ሰው ጥምቀት ሲባል ትዝ የሚለው ግን ቦሩ ሜዳ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የሁሉም ወገን ሊቃውንት ዛሬ ደሴ ካለችበት አቅራቢያ ባለው ሜዳ ተሰበሰቡ። የጉባኤው የመጀመሪያ አጀንዳ ስለ ክርስቶስ ነበር፤ የካራ፣ የቅባትና የጸጋ ወገኖች ሁለት መቶ ዓመት ያቆሰላቸውን ክርክር ይጨርሱ ተባለ። የጸጋዎቹ ሦስት ልደት የሚሉት ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ የተቀበለውን መቀባት እንደ ልደት ስለሚቆጥሩት ነበር፤ ከእነርሱም መቀባቱን ከዮርዳኖስ ጥምቀት ጋር የሚያያይዙ ነበሩ። ሁለት ልደት የሚለው የንጉሡ ወገን አሸነፈ። የጌታ ጥምቀት ምን እንደሆነ በተወሰነበት ሜዳ ቀጥሎ የወሎ ሰው ጥምቀት ተወሰነ።

ዮሐንስ ከሁለት ዓመት በፊት ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጋር ተዋግተዋል፤ በዓይናቸው ሙስሊሙ ወሎ ለግብፅ የተከፈተ በር ነበር። አገርን አንድ ማድረግ ሃይማኖትን አንድ ማድረግ ነው ብለው አመኑ። ሹመት ያለው ሙስሊም በሦስት ወር ውስጥ ክርስትና ይነሣ፣ ያለዚያ ሹመቱን ይተው ተባለ፤ ለተራው ሙስሊም ሦስት ዓመት፣ አረመኔ ለሚባለው አምስት ዓመት ቀጠሮ ተሰጠ። ራያና አዘቦም ከዚህ አልተረፉም። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ዮሐንስ ራሳቸው ናቸው። ተቀናቃኛቸው አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ሲባሉ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆኑ። ያንጊዜ በደንብ ታስቦበታል፤ የክርስትና አባትና የክርስትና ልጅ ዝምድና በሕዝቡ ዘንድ ከሥጋ ዝምድና አያንስምና፣ ሁለቱ ነገሥታት ሁለቱን የወሎ ገዥዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወስደው በገመድ እንዳሰሩ ነው።

ከካህናቱ እጅ ያለው መጽሐፈ ክርስትና ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ተጠማቂው ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይናገራል። ሕፃን ከሆነ የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እሱ ይናገራሉ፤ አዋቂ ከሆነ በገዛ አፉ። ከዚያ በፊትም ንዑሰ ክርስቲያን ሆኖ የሚማርበት ዘመን አለው። ውሃው የሚመጣው ከመካዱና ከማመኑ በኋላ፣ ሜሮኑ ደግሞ ከውሃው በኋላ ነው። ጦር ተሰብቆበት ወደ ወንዝ የወረደ ሰው የቱን ከልቡ ይናገራል? በዮሐንስ ሥራ ላይ የሚነሣው ከባድ ክስ ከመስጊድ ሳይሆን ከራሳቸው ከካህናቱ መጽሐፍ ይወጣል፤ ጥምቀት ለድኅነት የግድ ነው የሚለው እምነት ሰውን አስገድዶ ሲያጠምቅ፣ ጥምቀት የሚፈልገውን ቃል ራሱ ሰረዘው።

በሸዋ የነበረውና በኋላ ዮሐንስ ያባረሩት የካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ፣ ተጠማቂዎቹ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ በቀጥታ ወደ መስጊድ ሄደው ጥምቀታቸውን ያስነሡ ነበር ብሎ ጽፏል። እስከ 1880 እ.ኤ.አ. ሃምሳ ሺህ ሙስሊም፣ ሃያ ሺህ አረመኔና ግማሽ ሚሊዮን ኦሮሞ ተጠምቋል የሚል ቁጥርም አስቀምጧል። ማሳያ ቆጥሮ ያውቃል ብዬ አላምንም፤ ዮሐንስን የሚጠላበት በቂ ምክንያትም ነበረው። የቀን ክርስቲያን፣ የሌሊት እስላም የሚባለው ወገን መኖሩ ግን ከብዙ አቅጣጫ የተነገረ ነው። ሼህ ጠልሓ ቢን ጃዕፈር አዋጁን በመቃወም ሕዝብ አስነሥተው ለዓመታት ተዋጉ፤ ሌላው ከብቱንና ልጁን ይዞ ወደ ደቡብና ምሥራቅ ተሰደደ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ምኒልክ አዋጁን አላጠበቁትም፤ ብዙ የወሎና የራያ ሰው ወደ እስልምናው ተመለሰ። ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ እየገባ ነበርና የሃይማኖቱን ነገር የሚከታተል ጉልበትም አልነበረም።

ሚካኤል ግን አልተመለሱም። ራስ ሆኑ፣ የምኒልክን ልጅ ሸዋረገድን አገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ከልባቸው አምነው ይሁን በልማድ የሚመልሱት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ በግዳጅ የተጀመረ እምነት እውነት ሆኖ ሊያድግ እንደሚችል ግን የዘመኑ ካህናት እሳቸውን እያሳዩ ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። ከሸዋረገድ የወለዱት ልጅ የክርስትና ስሙ ክፍለ ያዕቆብ ተባለ፤ እሱም ልጅ ኢያሱ ነው። ኢያሱን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋን ያወረዱት መኳንንትና አቡነ ማቴዎስ የከሰሱት ሰልሟል ብለው ነው። መጠመቁን የጠረጠረ አልነበረም። በቦሩ ሜዳ መጠመቅ ለሹመት ይበቃ ነበር፤ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጊዜ ውስጥ መጠመቅ አይበቃም፣ ልብህን አሳየን የሚባልበት ቀን መጣ። ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ለመመለስ ከወሎ ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተማረኩ።

በዚያው ዘመን የጥምቀትን ጥያቄ ማንም ሳያስገድደው በራሱ መንገድ ያየ ሰው ነበር። ሼህ ዘካርያስ የሙስሊም መምህር ነበሩ። ራእይ አየሁ ካሉ በኋላ ከቁርኣን እየጠቀሱ ስለ ኢየሱስ ማስተማር ጀመሩ፤ የሚከተላቸው በዛ፣ ከሙስሊም ሊቃውንት ጋር ተከራከሩ፣ በምኒልክ ዘንድ ጥበቃ አገኙ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን አልተጠመቁም። ከዓመታት ማስተማር በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1910 ደብረ ታቦር ላይ ክርስትና ተነሥተው ንዋየ ክርስቶስ የተባሉት። በእነዚያ ባልተጠመቁባቸው ዓመታት ቢሞቱ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ሳይጠመቁ ስለ ክርስቶስ የተገደሉትን በደማቸው ተጠመቁ ትላለች፤ በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴም ማንም ውሃ ውስጥ አላስገባውም። ዘካርያስ ከሁለቱም አይደሉም፤ አምነው እያስተማሩ ዘግይተዋል። ከሰይፍ ነፃ የሆነ ጥምቀት እንዲህ ጊዜ ይወስዳል።

ዛሬ ከጎብዬ እስከ ቆቦ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው አሉ፤ አያት በአንዱ፣ የልጅ ልጅ በሌላው ሃይማኖት መሆኑ በወሎ የሚያስገርም አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ክርክር ግን መልኩን ለውጧል። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ እንደ ሉተራውያን ሁሉ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ቃለ ሕይወት ሰው አድጎ ራሱ ሲያምን ካልሆነ አታጠምቅም፤ ስለዚህ ከኦርቶዶክስ የሄደ ሰው በአርባ ቀኑ የተነሣው ክርስትና አይቆጠርለትም። የላስታ ገበሬ ከሜንዴስ የሰማው ቃል አሁን ከወንድሙ ልጅ ሊመጣ ይችላል።

ኦርቶዶክሳዊው ሲመለስ ካህኑ የሚያወጣው ያንኑ መጽሐፈ ቄደር ነው። ከሌላ እምነት አዲስ የመጣ ግን ይማራል፤ ምዕራብ ዞሮ ይክዳል፣ ምሥራቅ ዞሮ ያምናል፣ ይጠመቃል፣ በሜሮን ይከብራል፣ ያንኑ ዕለት ይቆርባል። ስለ አርባና ሰማንያው ቀን ደግሞ፣ ጨቅላው ከታመመና ለሞት ካሠጋ ቀኑ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ቤተሰቡ ቄስ ይጠራና ልጁ በዚያው ሰዓት ክርስትና ይነሣል። ቄሱ ሳይደርስ ያረፈ እንደሆነ ፍትሐት የለውም። ልጄ ወዴት ሄደ ብላ የምትጠይቅ እናት ካለች፣ የንስሐ አባቷ ለአልቫሬዝ የተሰጠውን መልስ በመጽሐፍ አንብበው አያውቁ ይሆናል፤ የዚያችን እናት የዘጠኝ ወር ጾም፣ ጸሎትና ቁርባን ግን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ።